የማታ ፎቶዬ ሁሉ ብዥ ይላል፤ ጥፋቱ የካሜራው ነው የኔ?

ማታ ማታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ እናቴ 60 ዓመት ሞላት። ግቢ ውስጥ ከዛፍ ወደ ዛፍ አምፖል ዘርግተን፣ ጠረጴዛ አውጥተን አመሸን። ፎቶ አንሺዋ እኔ ነበርኩ። ወደ 300 የሚሆን አነሳሁ። ሌሊቱን ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው እንባዬ መጣ። የሚረባ አንድም የለም። ኬኩን ስትቆርስ እጇ ጭስ መስሏል። ስትስቅ ያነሳኋት ላይ ጥርሷ ሁለት ቦታ ይታያል። የሚገርመው ከጀርባዋ ያለው ዛፍ ቅጠሉ ሳይቀር ጥርት ብሏል።

ካሜራዬ ክሮፕ ሴንሰር ነው (ብርሃን ተቀባዩ ከትልቁ፣ ከፉል ፍሬሙ ያነሰ)፤ ሌንሱ አብሮት የመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) የሚመረጥበት ሞድ ላይ አድርጌ፣ ወደ 55 ዙም አድርጌ፣ ኤፍ 5.6 ላይ ነው ያነሳሁት። አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) 400 ላይ አሰርኩት፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ ፎቶ ይበላሻል ሲባል ስለሰማሁ። አሁን ሳየው ሻተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) አብዛኛው ላይ 1/8 ሰከንድ ነው።

ካሜራ ልቀይር? ከሁለት ወር በኋላ የወንድሜ ምርቃት አለ፤ እሱም ማታ ነው። ያንንም ማበላሸት አልፈልግም።

ሻተር ቆጣሪ፦

ለእናትሽ ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር።

ካሜራ አትቀይሪ። ምክንያቱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ዛፉ ጥርት ብሎ እናትሽ ብዥ ካሉ ችግሩ ያንቺ እጅ አይደለም። እጅሽ ተንቀጥቅጦ ቢሆን ዛፉም አይተርፍም ነበር። የተንቀሳቀሱት እናትሽ ናቸው። ሌንሱ ውስጥ ያለው ማረጋጊያ ያንቺን እጅ ያረጋጋል እንጂ የሰው ሳቅ አያቆምም። ብዙ ሰው ማረጋጊያ አለኝ ብሎ ተማምኖ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ተቀምጦ ለሚያወራና ለሚስቅ ሰው 1/125 ያስፈልግሻል። ለሚጨፍር 1/250 ወይም ከዚያ በላይ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከ1/8 ተነስተሽ 1/125 ለመድረስ አራት እርምጃ አለ፤ 1/15፣ 1/30፣ 1/60፣ 1/125። በእያንዳንዱ እርምጃ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። አራት ጊዜ ከቀነስሽ አራት ጊዜ መመለስ አለብሽ። አይኤስኦ 400ን አራቴ እጥፍ አድርጊው፤ 800፣ 1600፣ 3200፣ 6400። በዚያው ሌንስ፣ በዚያው አምፖል ሥር፣ 6400 ላይ ብታደርጊው እናትሽ ጥርት ብለው ይወጡ ነበር።

ለምርቃቱ ሞዱን ማንዋል አድርጊው። ሻተር 1/125፣ አፐርቸሩን ሌንሱ የሚችለውን ያህል ክፈቺው፣ አይኤስኦውን አውቶ ላይ ተዪው። ያኔ ካሜራው ሻተሩን አይነካብሽም፤ ሲጨልም የሚጨምረው አይኤስኦውን ብቻ ነው።

ነጥብ በነጥብ፦

6400? ያውም በክሮፕ ሴንሰር? ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እኔ ከ1600 በላይ ወጥቼ አላውቅም። ፊት ላይ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስላል። ሻተሩ 1/125 ይሁን፣ እሺ። ግን በ800 ጨለም አድርጎ አንስቶ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማብራት አይሻልም? ቢያንስ ኖይዙ፣ ያ አሸዋው፣ ይቀንሳል።

ሻተር ቆጣሪ፦

አይቀንስም ወንድሜ። ይሄ ነገር ስንቱን ፎቶ እንዳስበላሸ ስለማውቅ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

ዝናብ ሲጀምር ሲሚንቶ ላይ የሚወድቀውን ጠብታ አስብ። እዚህ ሦስት ጠብታ፣ አጠገቡ አንድ፣ ቀጥሎ ያለው ደረቅ። መሬቱ ዥጉርጉር ይሆናል። ዝናቡ ሲቆይ ግን ሁሉም እኩል ይርሳል። ብርሃንም ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው እንዲሁ ጠብ ጠብ እያለ ነው። ማታ ጠብታው ጥቂት ነው። ያ ዥጉርጉር ነው ኖይዝ የምንለው። አብዛኛው የሚመጣው ከብርሃን ማነስ ነው። አይኤስኦ ያንን አጉልቶ ያሳይሃል እንጂ ከየትም አያመጣውም።

ስለዚህ በ800 አንስተህ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ስቶፕ (ሦስት የእጥፍ እርምጃ) ስታበራው ያው 6400 ላይ ደረስክ። ሴንሰሩ ያገኘው ብርሃን አንድ ነው። አንዳንድ ካሜራ ላይ ሁለቱ እኩል ይወጣሉ። ሌላው ላይ ግን ያንተው መንገድ ይብሳል፤ ጥቁሩ ቦታ ላይ መስመር መስመርና ሐምራዊ ነገር ይወጣል።

ብታምነኝ ደስ ይለኛል፤ ሞክረህ ብታየው ግን ይበልጣል። ዛሬ ማታ መጽሐፍ መደርደሪያህን አንሳው። ሻተሩንና አፐርቸሩን ሳትነካ አንዱን በ6400፣ አንዱን በ800። ሁለተኛውን አብራውና ጎን ለጎን አስቀምጣቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ኖይዝ ያለበት ፎቶ ቢታተም እንኳ ራቅ ሲሉት አይታይም፤ ማጽጃ ሶፍትዌሩም ሞልቷል። ሁለት ቦታ የወጣ ጥርስ ግን ማንም አይመልሰውም።

የድሮ ፊልም፦

ልጄ፣ እናትሽን እንኳን ለዚህ አበቃቸው።

እኔ ከ30 ዓመት በላይ በፊልም የሠራሁ ሰው ነኝ። 400 ፊልም ከጫንን ጥቅልሉ እስኪያልቅ 400 ነው። የአይኤስኦ ቁልፍ የሚባል አልነበረንም። ስለዚህ የተማርነው ቁጥር መቀየር ሳይሆን ሰውን ወደ ብርሃን ማምጣት ነው። ዛሬም ካሜራዬን ከማንሳቴ በፊት አምፖሉ የት እንዳለ ነው የማየው።

አንድ አምፖል ብቻ የሚያበራው ቦታ ላይ፣ ሰውየው ከአምፖሉ 4 ሜትር ርቆ ተቀምጧል እንበል። ወንበሩን ሳብ አድርገሽ 2 ሜትር ላይ ብታስቀምጪው፣ ፊቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በሁለት እጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ይጨምራል። ሁለት ስቶፕ አተረፍሽ ማለት ነው። 6400 የነበረው 1600 ሆነ። ለዚህ ሁሉ የከፈልሽው አንድ ወንበር መጎተት ነው።

ታዲያ አምፖሉ አናት ላይ ቀጥ ብሎ ከሆነ ተጠንቀቂ። ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባና ሰውየው የታመመ ይመስላል። ሰውየውን ከአምፖሉ ሥር አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አውጪው፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት ከላይ ሰያፍ ይምጣለት። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ካለ ደግሞ ብርሃኑን ከታች መልሶ ይረጨዋል፤ የአገጭን ጥላ ያቀልልሻል።

ጠቆር ያለ ፊት በማታ ብርሃን እንደሚያምር ብዙ ሰው አያውቅም። ፊት ለፊት ከሚመጣ ኃይለኛ መብራት ይልቅ ከጎን የሚመጣ ሰፋ ያለ ብርሃን ስጪው። መስኮት፣ የተከፈተ በር፣ የበራ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ያኔ ብርሃኑ ጉንጭና ግንባር ላይ ተንሸራቶ ያርፋል፤ የፊቱ ቅርጽ ይወጣል። ጨለማ ነው ብለሽ ቆዳውን ለማንጣት አትሞክሪ። ቆዳው ጥቁር ከሆነ ፎቶው ላይም ጥቁር ይሁን፤ የሚያበራው የብርሃኑ ነጸብራቅ ነው።

ማታ ማታ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሻተር ቆጣሪ፣ አንተንም ከልብ አመሰግናለሁ። አራቱን እርምጃ በወረቀት ጽፌ ቆጠርኩት፤ አሁን ገባኝ።

አንድ ጥያቄ። ካሜራው ላይ ያለውን ፍላሽ ሁለቴ ሞክሬው ነበር። ሰዉ ሁሉ የመታወቂያ ፎቶ የተነሳ መሰለ፤ ፊታቸው ነጭ፣ ከጀርባ ድቅድቅ ጨለማ። ያ ሁሉ አምፖል የት ገባ? ወይስ ፍላሽ ማታ ጭራሽ አይነካም?

ጥላ ወዳጅ፦

ይነካል እንጂ! ፍላሽን የሚጠላ ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ስላሠራው ነው።

ፍላሽ የሚደርሰው ቅርብ ላለው ነው። ጋሼ ያሉት የርቀት ነገር እዚህም አለ። 2 ሜትር ላይ ያለችው እናትሽ በደንብ በሩ፤ 8 ሜትር ላይ ያለው ዛፍ ያገኘው ግን የእናትሽን 1/16 ነው። አምፖሎቹ የጠፉት ደግሞ አይኤስኦው ትንሽ ስለነበርና ፍላሹ ሲነሳ ካሜራው ራሱ ሻተሩን ስላፈጠነው ነው። አምፖሎቹ ለመመዝገብ ጊዜ አላገኙም።

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ፍላሹን አጥፊና ለአካባቢው ብቻ አስተካክዪ። አይኤስኦ 1600፣ ሻተር 1/30፣ ግቢው ትንሽ ጨለም ብሎ ግን አምፖሎቹ አምረው ይታዩ። ከዚያ ፍላሹን ክፈቺና ኃይሉን በአንድ ወይም በሁለት ስቶፕ ቀንሺው። 1/30 ለሰው ቀርፋፋ ነው ትይኛለሽ። እውነት ነው። ፍላሹ ግን የሚበራው ብዙ ጊዜ ከ1/1000 ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። ፊቱን የሚያቆመው እሱ ነው፤ የቀረው ጊዜ ለጀርባው ነው። ሜኑሽ ውስጥ ስሎው ሲንክ የሚል ካለ ይሄንኑ ነው የሚሠራው። ሪር ከርተን ካለ እሱን ምረጪ፤ ፍላሹ መጨረሻ ላይ ስለሚበራ የሚጨፍር ሰው ጭራው ከኋላው ይከተለዋል እንጂ አይቀድመውም።

ቀለሙን አትርሺ። የቤት አምፖል ብዙውን ጊዜ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ነው፤ ቢጫ። ፍላሽ ወደ 5500 ነው። አንድ ላይ ሲገቡ ፊቱ ሰማያዊ፣ ጀርባው ብርቱካን ይሆናል። ፍላሹ ላይ ብርቱካንማ ጄል (ብርሃን የሚያሳልፍ ባለቀለም ፕላስቲክ) ለጥፊና ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጭን የሚለይበትን ቅንብር) 3200 አካባቢ አድርጊው። ሁለቱ ይታረቃሉ።

ለብቻው የሚሰካ ፍላሽ ካለሽ በቀጥታ ፊት ላይ አትተኩሺው። ግቢ ውስጥ ጣሪያ የለም፤ አንድ ሰው ነጭ አንሶላ ወይም ካርቶን ይያዝልሽና ወደሱ አዙሪው። ብርሃኑ ሰፍቶና ለስልሶ ይመለሳል። ቀይ ዓይንም አብሮ ይጠፋል፤ ያ ቀይ የሚመጣው ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ሲሆን ብርሃኑ ከዓይን ጀርባ ካለው ደም ነጥሮ ስለሚመለስ ነው።

ስልክ ብቻ፦

ካሜራ የሌለን ምን እናድርግ?

ጥላ ወዳጅ፦

ሌንሱን ጥረገው። ቀልድ አይደለም። የጣት ቅባት ነው አምፖሉን ሁሉ ጭጋግ የሚያስመስለው። ዙም አታድርግ፤ ቅረብ። ስክሪኑ ላይ ፊቱን ነካ አድርግና ብርሃኑን ወደ ታች ሳብ አድርገው። የስልኩ የማታ ሞድ ብዙ ፎቶ አከታትሎ አንስቶ ስለሚያዋህድ፣ ክርንህን ግድግዳ ላይ አስደግፍ፤ የምታነሳውንም ሰው ቆጥሮ እስኪጨርስ አትንቀሳቀስ በለው።

ነጥብ በነጥብ፦

መደርደሪያውን አነሳሁት። በግልጽ ልናገር፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። በ800 ያነሳሁትን ሳበራው የመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ ያለው ጥቁር ወደ ሐምራዊ ሄደ፤ ከታች በኩል ቀጫጭን አግዳሚ መስመር ወጣ። የ6400ው አሸዋ አለው፣ ግን አሸዋው አንድ ወጥ ነው፤ ርዕሶቹም ይነበባሉ። ስንት ዓመት ሙሉ በከንቱ ስፈራው ኖርኩ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የማታ ፎቶ በሮው (ካሜራው ባልነካው ጥሬ ፋይል) ይነሳ። ጄፔግ (ካሜራው አቀናብሮ የሚያስቀምጠው የተለመደው ፋይል) ላይ ካሜራው ራሱ ኖይዙን አጸዳለሁ ብሎ ፊቱን ፕላስቲክ ያደርገዋል። ጄፔግ የግድ ከሆነ ሜኑ ውስጥ ያለውን የኖይዝ ማጽጃ ዝቅተኛው ላይ አድርጉት።

ሰማይ ጠባቂ፦

እናንተ ስለ ሰው ነው የምታወሩት። የማይንቀሳቀስ ነገር ሲሆን ግን ሁሉም ይገለበጣል፤ ጀማሪዎች እንዳይምታታባቸው ልንገራቸው። ሕንፃ፣ ድልድይ፣ መንገድ ከሆነ ትራይፖድ አቁሙ፣ አይኤስኦውን 100 አድርጉት፣ ኤፍ 8፣ ሻተሩ 10 ሰከንድም 20 ሰከንድም ይሁን። ጣታችሁ ካሜራውን እንዳያነቃንቀው የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ። ማረጋጊያውን አጥፉት፤ አንዳንዱ ሌንስ ትራይፖድ ላይ ሆኖ የሌለ ንቅናቄ ይፈልግና ራሱ ብዥ ያደርጋል። ሌንሱ ፊት የተገጠመ መከላከያ ፊልተር ካለም አውጡት፤ መብራቱ በሱና በሌንሱ መካከል እየነጠረ አረንጓዴ ነጠብጣብ ይተክልባችኋል።

ጨለማ ውስጥ ረጅም ሰዓት ከመጠበቅ በፊት በትልቅ አይኤስኦ ሞክሩ። 6400 ላይ 1 ሰከንድ ትክክል ከመጣ፣ 100 ላይ 64 ሰከንድ ነው። ስትነሱና ስትቀመጡ ሌሊቱ አያልቅባችሁም።

ከዋክብት ደግሞ ለብቻው ዓለም ነው። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ከዋክብቱ ይሄዳሉ፤ ብዙ ከቆያችሁ ነጥቡ ሰረዝ ይሆናል። 500ን ለሌንሱ ሚሊ ሜትር አካፍሉት። በፉል ፍሬም 24 ሚሊ ሜትር ከሆነ 20 ሰከንድ ገደማ ነው። በ1.5 ክሮፕ ግን 24 በ1.5 ሲባዛ 36 ስለሚሆን ከ14 ሰከንድ አትለፉ። ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 3200 መነሻ ይሁናችሁ። ጨረቃ ግን የማታ ፎቶ አይደለችም! ፀሐይ የምታበራት ድንጋይ ናት። ሙሉ ስትሆን አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 11፣ 1/100 ይበቃታል። ነጭ ሳህን ሆና የምትወጣው ለጨለማው ሰማይ ስለምናስተካክል ነው።

ፎከሱንም በእጅ አድርጉ። እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ ብርድ ላይ ቆሜ፣ ቀለበቱን መጨረሻ ድረስ አዙሬ፣ አንድም ጥርት ያለ ኮከብ ሳላገኝ ተመልሻለሁ። ብዙ ሌንስ ከሩቅ ነጥቡም አልፎ ይዞራል። ስክሪኑ ላይ አንድ ደማቅ ኮከብ አጉልታችሁ፣ በጣም ትንሽ ነጥብ እስክትሆን ቀለበቱን ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ስክሪኑንም ለብርሃን መጠን አትመኑት፤ ጨለማ ውስጥ ሁሉም ፎቶ የበራ ይመስላል። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ።

አዲስ ገቢ፦

ሰዎች፣ በ1/125 ሞከርኩ። ግማሹ ፎቶዬ ላይ ጠቆር ያለ አግዳሚ ጥላ አለ። አንዱ ቢጫ፣ ቀጥሎ የተነሳው አረንጓዴ። ሴንሰሩ ሄደ እንዴ?

ሻተር ቆጣሪ፦

ሴንሰሩ ደህና ነው፤ መብራቱ ነው የሚብለጨለጨው። 50 ኸርዝ ኃይል ባለበት አገር ብዙ ኤልኢዲና ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ዓይናችን አያየውም፤ ሻተሩ ያየዋል። 1/100 ወይም 1/50 ላይ አድርገው፤ ሙሉ ዙሩን ይይዛል። 60 ኸርዝ ባለበት ደግሞ 1/120 ወይም 1/60። ቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ። ማታ ማታ፣ አንቺም አምፖሎቹ ኤልኢዲ ከሆኑ 1/125 ያልኩሽን 1/100 አድርጊው፤ የምታጪው ነገር የለም።

ማታ ማታ፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፤ ስሞክር ነበር። ትናንት ማታ እናቴን ግቢ ውስጥ በአንድ አምፖል አነሳኋት። ወንበሯን ከአምፖሉ 3 ሜትር ከነበረበት ወደ 2 ሜትር ሳብኩት፤ አምፖሉን ወደ ግራዋ አደረግሁት። ዙሙን ወደ 35 መልሼ እኔ ቀረብኩ፤ አፐርቸሩ ከ5.6 ወደ 4.5 ወረደልኝ፤ ቀዳዳው ሰፋ ማለት ነው። 1/100 ላይ አይኤስኦው 1600 ብቻ ሆነ። 6400 መድረስ እንኳ አላስፈለገም።

ደብዳቤ እያነበበች ሳቀች። የዓይኗ ዙሪያ ሽብሽብ አንድ በአንድ ይታያል። ነጭ የሆነው የቅንድቧ ፀጉር ሳይቀር። ግንባሯ ላይ ጋሼ ያሉት ዓይነት ብርሃን አርፏል። አጉልቼ ሳየው አሸዋው አለ፤ ግን እሷ ናት። የልደቷን ምሽት የሚመልስልኝ ባይኖርም ይቺን አሳትሜ ግድግዳ ላይ እሰቅላታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። መነጽሯ ላይ አምፖሉ ሙሉ በሙሉ ታየ፤ አንዱ ዓይኗ ተሸፈነ። መነጽሯን አውልቂ ማለት አልፈልግም፤ ያለሱ እሷ አትመስለኝም።

የድሮ ፊልም፦

አታስወልቂያት ልጄ። መነጽር እንደ መስታወት ነው፤ ብርሃኑ በመጣበት ማዕዘን ይመለሳል። አምፖሉን ከፍ አድርጊው፣ ወይም ወደ ጎን ትንሽ ግፊው። ማንቀሳቀስ ካልቻልሽ ደግሞ አገጫቸውን ጥቂት ዝቅ ያድርጉ፤ የመነጽሩ ክንድ ከጆሮ ላይ ትንሽ ከፍ ቢልም ይረዳል። ነጸብራቁ ከሌንስሽ በታች ያልፋል።

ማታ ማታ፦

እናቴ ገና አልተኛችም። አሁኑኑ ልሞክረው፤ መጣሁ።